የዓርቡ ሰዓት፦ በብሪታንያ ፓርላማ የአባላት ረቂቅ ሕግ ለምን ድምፅ ሳይሰጥበት ይቀራል?

ኖቬምበር 28 ቀን 1997፣ ዓርብ ዕለት፣ የብሪታንያ የታችኛው ምክር ቤት ቀበሮንና ሌሎች አውሬዎችን በውሻ ማሳደድን በሚከለክል ረቂቅ ሕግ ላይ ድምፅ ሰጠ። 411 አባላት ደገፉት፣ 151 ተቃወሙት። በዚህን ያህል ልዩነት ያለፈ ረቂቅ ሕግ ሆኖ መውጣቱ የማይቀር ይመስላል። አልወጣም። በቀጣዩ ዓመት ተቃዋሚዎቹ የማሻሻያ ሐሳብ እየደራረቡ የተመደበለትን ሰዓት በክርክር ጨረሱበት፤ አቅራቢው ማይክል ፎስተርም እንደማይሆን ሲያዩ ራሳቸው አነሱት። በድምፅ ያሸነፈው ማንም የለም። በእንግሊዝና በዌልስ በውሻ ማደን የተከለከለው መንግሥት በራሱ ስም ባቀረበው ረቂቅ፣ በ2004 ነው። (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፓርላማ ውስጥ አንድ ሐሳብ የሚወድቀው ድምፅ ተቆጥሮ ሲሸነፍ ይመስለናል። በዌስትሚኒስተር፣ ማለትም በብሪታንያ ፓርላማ፣ ግን አብዛኛው የአባላት ረቂቅ እስከ ቆጠራው እንኳ አይደርስም፤ ሰዓት ያልቅበታል። ስለዚህ እዚህ የምናየው ስለ ሰዓት ነው፦ ሰዓቱን ማን ይዞታል፣ እንዴት ይከፋፈላል፣ አከፋፈሉ ይሻሻል የሚለው ጥያቄስ እንዴት ራሱ የመወያያ ሰዓት አጣ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንለይ። በብሪታንያ “የግል” የሚባሉ ሁለት ዓይነት ረቂቆች አሉ። አንደኛው ለአንድ ኩባንያ፣ ለአንድ ከተማ አስተዳደር ወይም ለአንድ ግለሰብ ብቻ የሚወጣ ሕግ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የባቡር ኩባንያዎች መሬት አቋርጠው ሐዲድ የሚዘረጉት እንዲህ ያለ ሕግ እያስወጡ ነበር፤ በእንግሊዝ እስከ 1857 ድረስ ጋብቻውን አፍርሶ እንደገና ማግባት የሚፈልግ ሰው ሳይቀር በስሙ የፓርላማ ሕግ ማስወጣት ነበረበት። ያ አሠራር ዛሬ በጣም ጠቧል፤ የባቡርና የትራም ፕሮጀክቶች ከ1992 ወዲህ በአብዛኛው በሚኒስትር ትእዛዝ ነው የሚፈቀዱት። ሁለተኛውና የእኛ ጉዳይ፣ ሚኒስትር ያልሆነ አንድ የምክር ቤት አባል በራሱ ስም የሚያቀርበው፣ ሲጸድቅ ግን አገሩን ሁሉ የሚገዛው ረቂቅ ነው። ከዚህ በኋላ “የአባላት ረቂቅ” ስል እሱን ነው።

ሰዓቱ የማን ነው?

የምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ አንቀጽ 14 ነገሩን በአጭሩ ይጨርሰዋል፦ በእያንዳንዱ ስብሰባ ቅድሚያ የመንግሥት ጉዳይ ነው። ከዚህ በኋላ ልዩ ሁኔታዎች ይዘረዘራሉ። ለተቃዋሚ ፓርቲዎች 20 ቀን፣ ሥልጣን የሌላቸው አባላት መርጠው ለሚያነሷቸው አጀንዳዎች 35 ቀን ገደማ፣ ለአባላት ረቂቅ ደግሞ 13 ዓርብ። ይህ ሁሉ ለአንድ የሥራ ዘመን ነው፤ የሥራ ዘመኑ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ይቆያል፣ አንዳንዴም ይረዝማል።

ነገሩ ከጥንት እንዲህ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ማንም አባል ተነስቶ ጉዳዩን ማንሳትና እስኪበቃው መናገር ይችል ነበር። ያን ልማድ እስከ ጥጉ የገፉት የአይርላንድ አባላት ናቸው። በጃንዋሪ 1881 መጨረሻ መንግሥት አይርላንድ ውስጥ ሰዎችን ያለ ፍርድ ለማሰር የሚያስችል ሕግ ሲያመጣ፣ ቻርልስ ስቱዋርት ፓርኔልና ጓደኞቹ እየተቀባበሉ 41 ሰዓት ሙሉ አወሩ። ከሰኞ ከሰዓት በኋላ እስከ ረቡዕ ጠዋት። በመጨረሻ አፈ ጉባኤው ሄንሪ ብራንድ ደንብ ሳይኖራቸው በራሳቸው ሥልጣን “በቃ” ብለው ክርክሩን ቆረጡት። በዓመቱ ክርክርን በድምፅ የሚዘጋ ደንብ ወጣ፤ በ1902 ደግሞ በምክር ቤቱ የመንግሥት መሪ የነበሩት አርተር ባልፎር የሳምንቱን ፕሮግራም እንደገና ሲያዋቅሩት አብዛኛው ሰዓት በመንግሥት እጅ ገባ። የአንድ ቡድን ሰዓት አበላል ለመንግሥት መቶ ዓመት የሚዘልቅ ምክንያት ሰጠው ብል ማጋነን አይሆንም።

ለአባላት የቀረችው ዓርብ እንኳ ዋስትና አልነበራትም። በ1935 መጨረሻ የስታንሊ ቦልድዊን መንግሥት የአባላትን ሰዓት ጠቅልሎ ሊወስድ ሲጠይቅ፣ ገና መመረጡ የነበረው የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተወካይ ኤ. ፒ. ኸርበርት የመጀመሪያ ንግግሩን ያደረገው ያንን በመቃወም ነው። አዲስ አባል ገብቶ ወዲያው እንዲህ መናገሩ ነውር ነበር። ኸርበርት ግን የፍቺ ሕግን የሚያሻሽል ረቂቅ በኪሱ ይዞ ነበርና የትኛው በር እየተዘጋበት እንደሆነ ገብቶታል። ረቂቁ ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1937 ሕግ ሆነ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ያ ሰዓት ጨርሶ ተወሰደ፤ ለአባላት የተመለሰውም ጦርነቱ ካለቀ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

አንድ ዓርብ ከቅርብ ሲታይ

አንድ አባል ዓርብን የሚያገኘው በዕጣ ነው። የሥራ ዘመኑ እንደተጀመረ መቶዎች ስማቸውን መዝገብ ላይ ይጽፋሉ፤ ከዚያ ምክትል አፈ ጉባኤው ከአንድ የብርጭቆ ጎድጓዳ ሳህን ቁጥር የተጻፈባቸውን ኳሶች እያወጡ 20 ስም ይጠራሉ፣ ከ20ኛው ጀምሮ ወደ አንደኛው። የወጣላቸው ሰዎች ብዙዎቹ በዚያች ሰዓት ምን ረቂቅ እንደሚያቀርቡ አያውቁም። ስልካቸው ወዲያው መጮህ ይጀምራል፤ የበጎ አድራጎት ድርጅቱ፣ የሙያ ማኅበሩ፣ ሚኒስቴሩ ሳይቀር ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ረቂቅ ይዞ ይመጣል።

ከ13ቱ ዓርቦች የመጀመሪያዎቹ ሰባት ለሁለተኛ ንባብ ናቸው፤ ማለትም የረቂቁ ዋና ሐሳብ ተቀባይነት አለው የለውም የሚባልበት ክርክር። የቀሩት ስድስቱ ከኮሚቴ ለተመለሱት ቅድሚያ ይሰጣሉ። ቁልፉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰባት ቀን፣ ሃያ ረቂቅ። በዕጣው ከአንደኛ እስከ ሰባተኛ የወጡት እያንዳንዳቸው በአንድ ዓርብ የመጀመሪያውን ቦታ ይይዛሉ። ስምንተኛውና ከዚያ በታች ያለው የሌላ ሰው ረቂቅ ቶሎ ካላለቀ ወሬውም አይነሳ። ከዕጣው ውጪ፣ ረቂቅ በሚመዘገብበት ቢሮ ሰልፍ ጠብቆ የተመዘገበው ረቂቅማ ላም አለኝ በሰማይ ነው። በ2013 አራት የወግ አጥባቂ ፓርቲ አባላት ሰልፉን ለመቅደም ብለው ረቂቅ በሚመዘገብበት ቢሮ አካባቢ ለተከታታይ ሌሊቶች አድረው 42 ረቂቆች በአንዴ አስመዝግበዋል፤ ከመሐላቸው በነሐሴ የሚውለውን የሕዝብ በዓል “የማርጋሬት ታቸር ቀን” የሚያሰኝ ይገኝበታል።

ዓርብ ስብሰባው በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 3:30 ተጀምሮ 8:30 ላይ ያበቃል። አምስት ሰዓት ነው። ደግሞ ዓርብ አባላት ወደ መረጣቸው ሕዝብ የሚሄዱበት ቀን ስለሆነ አዳራሹ ጭር ይላል። 8:30 ሲሆን የሚናገር ሰው ካለ ንግግሩ ይቆረጣል፤ ክርክሩ አላለቀምና ድምፅ አይሰጥም፤ ረቂቁ ሌላ ቀን ይቀጠርለታል፣ ያ ሌላ ቀን ደግሞ ሌሎች ከፊቱ የተደረደሩበት ነው። ተቃዋሚው ማሸነፍ አይጠበቅበትም ማለት ነው። እግር ኳስ ላይ ሰዓት መግደል የምንለውን ካወቀበት ይበቃዋል።

ሰዓት መግደሉም ጥበብ አለው። አንድን ነገር ደጋግሞ ማውራት ክልክል ነው፤ አፈ ጉባኤው ያስቆማል። ስለዚህ ተናጋሪው በየአንቀጹ፣ በየቃሉ ይዞራል፤ ወዳጆቹ በመሐል “አንዴ ይፍቀዱልኝ” እያሉ ጥያቄ ይጨምሩለታል። በኦክቶበር 2015 ታማሚ የሚያስታምሙ ሰዎች በሆስፒታል የመኪና ማቆሚያ ክፍያ እንዳይጠየቁ የሚል ረቂቅ ቀርቦ ነበር፣ የጁሊ ኩፐር። ፊሊፕ ዴቪስ የተባሉት አባል ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ተናገሩበት። ረቂቁ በዚያው ቀረ።

መከላከያው ክርክሩ ይዘጋ ብሎ መጠየቅ ነው። አፈ ጉባኤው ከፈቀዱ ድምፅ ይሰጣል፤ ነገር ግን ማሸነፍ ብቻ አይበቃም፣ የደገፉት ቢያንስ 100 መሆን አለባቸው። ይህን ቁጥር ልብ ይሏል። በኦክቶበር 2016 ጆን ኒኮልሰን በቀድሞ ዘመን በግብረ ሰዶም ወንጀል የተፈረደባቸው ሰዎች ይቅርታ እንዲያገኙ የሚል ረቂቅ አቀረቡ። የመንግሥቱ ተወካይ ሚኒስትር ሰዓቱ እስኪደርስ ድረስ ተናገሩ። ክርክሩ ይዘጋ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ ውጤቱ 57 ለ0 ሆነ። አንድም ተቃዋሚ ሳይቆጠር ረቂቁ ወደቀ።

ሌላም ወጥመድ አለ። በአንድ ድምፅ አሰጣጥ ከ40 ያነሱ ሰዎች ከተሳተፉ ምልዓተ ጉባኤ የለም ይባልና የተያዘው ረቂቅ ለሌላ ቀን ይተላለፋል። ይህን ለመጠቀም አንዱ አባል ድንገት ተነስቶ “ምክር ቤቱ በዝግ ይሰብሰብ” ይላል። ዝግ ስብሰባ ፈልጎ አይደለም፤ ሰው እንዲቆጠር ነው። ጥያቄው በአንድ ቀን አንዴ ብቻ ስለሚነሳ፣ የረቂቁ ደጋፊዎች ዘዴውን አውቀውበት ጠዋት ገና ስብሰባው ሲከፈት፣ ሰው ሳይበተን፣ ራሳቸው ያነሱትና ውድቅ ያስደርጉታል። ዓርብ ጠዋት ቴሌቪዥን ከፍቶ ምክር ቤቱ በዝግ ልሰብሰብ አልሰብሰብ እያለ ድምፅ ሲሰጥ ያየ ሰው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

አንድ ቃል

8:30 ካለፈ በኋላ ጸሐፊው ተራ ያልደረሳቸውን ረቂቆች ርእስ አንድ በአንድ ያነባል። ያለ ክርክር እንዲያልፉ የመጨረሻ ዕድል ነው። ከአዳራሹ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ “እቃወማለሁ” ካለ ረቂቁ አያልፍም። ምክንያት መናገር አይጠየቅም፣ ስሙም እንኳ ሁልጊዜ አይመዘገብም። ብዙ ጊዜ ቃሏን የሚጥሏት የመንግሥት ተጠሪዎች ናቸው።

ጁን 15 ቀን 2018 ቃሏን የተናገሩት ክሪስቶፈር ቾፕ ናቸው። ረቂቁ የዌራ ሆብሃውስ ነበር፤ በድብቅ ከሴት ቀሚስ ሥር ፎቶ ማንሳትን ወንጀል የሚያደርግ፤ መንግሥትም የደገፈው። አዳራሹ “አሳፋሪ!” እያለ ጮኸ። በቀጣዩ ሳምንት የቾፕ የፓርላማ ቢሮ በር ላይ በክር የተደረደረ የሴት የውስጥ ሱሪ ተሰቅሎ ተገኘ። ቾፕ የተናደዱት ተሳስተው ስለተረዷቸው ነው፤ ድርጊቱን እንደማይደግፉ፣ የሚቃወሙት ሕግ ያለ አንዲት ደቂቃ ክርክር መውጣቱን እንደሆነ ተናገሩ። በፌብሩዋሪ 2019 ልጃገረዶችን ከግርዛት ለመከላከል የቤተሰብ ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን የሚያሰፋ ረቂቅ ሲመጣም ያንኑ አደረጉ።

የሁለቱን ረቂቆች መጨረሻ ግን ልብ በሉ። መንግሥት ሁለቱንም በራሱ ሰዓት አስገባቸው። የግርዛቱ ሕግ በማርች 2019 ወጣ፣ የፎቶው ደግሞ በኤፕሪል ሥራ ላይ ዋለ። ለወራት በዕጣና በሰልፍ ሲንከራተት የነበረ ነገር ሰዓቱ የተፈቀደለት ዕለት በቀላሉ አለፈ።

እኔ በቾፕ ክርክር ውስጥ እውነት አለ ባይ ነኝ። ማንም ያላነበበው ረቂቅ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በዝምታ አልፎ ሰው የሚታሰርበት ሕግ ሲሆን ማየት አያስደስትም። መንግሥትም የራሱ መከራከሪያ አለው፦ ምርጫ ያሸነፈው በፕሮግራሙ ነው፣ ስለ በጀቱም ተጠያቂው እሱ ነው፣ ስለዚህ የሕግ መንገድ ወንፊት ያስፈልገዋል። ወንፊቱ ግን ክፉውን ከደጉ አይለይም። ዴቪስ ያስቀሩት ረቂቅም፣ ሳይታሰብበት ቢጸድቅ የሚጎዳ ረቂቅም በአንድ ቀዳዳ ነው የሚቀሩት። “አይ” የሚል ምክር ቤት ተነስቶ “አይ” ቢል፣ ስሙም ቢመዘገብ፣ መራጩ ማን ምን እንዳለ ያውቃል። ሰዓት ሲያልቅ ግን ተጠያቂ የለም።

ገንዘቡን የያዘው

ድምፅ ያለፈ ረቂቅ ሳይቀር ሌላ በር ይጠብቀዋል። የሕዝብ ገንዘብ የሚያስወጣ ማንኛውም ረቂቅ በኮሚቴ አንቀጹ ከመታየቱ በፊት ወጪውን የሚፈቅድ የተለየ ውሳኔ ያስፈልገዋል፤ ያንን ውሳኔ ማቅረብ የሚችለው ሚኒስትር ብቻ ነው። ለረጅም ጊዜ ልማዱ፣ ምክር ቤቱ ረቂቁን ከደገፈ መንግሥት ባይወደውም ውሳኔውን ያቀርባል የሚል ነበር።

በዲሴምበር 2017 የአፍዛል ካን ረቂቅ፣ የምርጫ ክልሎችን ቁጥር የሚመለከተው፣ 229 ለ44 አለፈ። መንግሥት የገንዘቡን ውሳኔ አላመጣም። ኮሚቴው ግን ተሰይሟልና መሰብሰብ አለበት። ስለዚህ አባላቱ በየሳምንቱ እየተገናኙ፣ አንቀጽ ማንበብ ስለማይችሉ “ስብሰባው ይበተን” በሚለው ጥያቄ ላይ ብቻ ተወያይተው ይወጡ ነበር። ይህ ለወራት ቀጠለ።

ለእኛ ሰው የሚቀርበው ሌላው ነው። በ2018 በነበረው የብሪታንያ ሕግ አዋቂ ስደተኛ ባሉን ወይም ሚስቱን፣ ለአቅመ አዳም ያልደረሱ ልጆቹንም ማምጣት ሲፈቀድለት፣ ብቻውን የመጣ ልጅ ግን ወላጆቹን በዚያ መንገድ ማስመጣት አይችልም ነበር። ሰሃራንና ሜዲትራኒያንን አቋርጠው ብቻቸውን እንግሊዝ የገቡ የኤርትራና የኢትዮጵያ ታዳጊዎችን የሚያውቅ ሰው የዚህን ትርጉም መንገር አያሻውም። አንገስ ማክኒል ይህን የሚቀይር ረቂቅ አቀረቡ፤ ማርች 16 ቀን 2018 በ129 ለ42 ሁለተኛ ንባቡን አለፈ። ያን ዕለት ደስታው ብዙ ነበር። ከዚያ በኋላ የገንዘቡ ውሳኔ ሳይመጣ ረቂቁ ባለበት ቆመ፣ የሥራ ዘመኑ ሲያበቃም አብሮ ሞተ። የሥራ ዘመን ሲዘጋ ያልጨረሰ የአባል ረቂቅ ዕጣው ይኸው ነው፤ ለሚቀጥለው አይሻገርም።

ታዲያ የሚሳካው መቼ ነው?

ይሳካል። እንዲያውም የብሪታንያን ማኅበራዊ ሕይወት የቀየሩ ጥቂት ሕጎች የመጡት በዚህ መንገድ ነው። በ1965 በግድያ ወንጀል የሞት ቅጣትን ያስቀረው ሕግ የሲድኒ ሲልቨርማን ረቂቅ ነበር። ፅንስ ማስወረድን በሁኔታዎች የፈቀደው የ1967ቱ ሕግ የዴቪድ ስቲል ነው፤ ስቲል የ28 ዓመት ወጣት ነበሩ፣ በዕጣው ሦስተኛ ወጥተው ነበር። ሁለቱም ላይ የሃሮልድ ዊልሰን መንግሥት አባላቱ እንደ ኅሊናቸው ድምፅ ይስጡ አለ፣ ግን ሰዓት ሰጠ። የስቲል ረቂቅ ሌሊቱን ሙሉ ተሰብስቦ እስኪነጋ ክርክር ተደርጎበት ነው ያለቀው፤ ያንን ሌሊት የፈቀደው መንግሥት ባይሆን ኖሮ እንደ ሌሎቹ ዓርብ 8:30 ላይ በቀረ ነበር። ዛሬም የሚያልፉት አብዛኞቹ፣ መንግሥት ራሱ ጽፎ ለዕድለኛው አባል የሰጣቸው፣ ወይም በድርድር የተቀበላቸው ናቸው።

መንግሥት ገለልተኛ ነኝ ሲል ምን እንደሚሆን ለማየት የኪም ሌድቢተር ረቂቅ ጥሩ ማሳያ ነው። በ2024 ዕጣ አንደኛ ወጡ፤ ሊሞቱ የተቃረቡ ሕሙማን በሐኪም እርዳታ ሕይወታቸውን እንዲያበቁ የሚፈቅድ ረቂቅ አቀረቡ። ኖቬምበር 29 ቀን በ330 ለ275 አለፈ። ለመናገር የጠየቁት ከ160 በላይ ነበሩ፤ አምስት ሰዓት ለዚያ ሁሉ ሰው። በጁን 2025 በታችኛው ምክር ቤት የመጨረሻው ደረጃ የሆነው ሦስተኛ ንባቡ በ314 ለ291 ተጠናቅቆ ወደ ላይኛው፣ ወደ ሎርዶች ምክር ቤት ሲደርስ ከአንድ ሺህ በላይ የማሻሻያ ሐሳብ ተከመረበት። በጉዳዩ ላይ የማንም አቋም ምንም ይሁን፣ ስለ ሞትና ስለ ሕይወት የሚወስን ሕግ የሐሳብ ክርክሩን ከሰዓት ቆጠራ ጋር እያቀላቀለ ሲሄድ ታይቷል።

ማሻሻያውስ?

አሠራሩ እንደማይሆን ምክር ቤቱ ራሱ ያውቃል። በ2009 በቶኒ ራይት የተመራው ኮሚቴ አባላት የራሳቸውን ሰዓት ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ሐሳብ አቀረበ፤ ከዚያ ውስጥ የአባላትን የውይይት አጀንዳ የሚመርጠው ኮሚቴ በ2010 ተቋቋመ። የምክር ቤቱን ጠቅላላ ፕሮግራም ከመንግሥት ጋር የሚያወጣው ሌላው ኮሚቴ ግን፣ የያኔው ጥምር መንግሥት በሦስት ዓመት ውስጥ እንደሚያቋቁም ቃል ቢገባም፣ ውኃ በላው።

ስለ አባላት ረቂቅ ደግሞ የአሠራር ኮሚቴው በ2013፣ እንደገናም በ2016 በቻርልስ ዎከር ሰብሳቢነት ዘገባ አወጣ። ሐሳቦቹ የሚያስፈሩ አይደሉም። ዕለቱን የሚከፍተው ረቂቅ ክርክሩ ሲያበቃ ድምፅ ይሰጥበት፤ የተወሰኑ ቦታዎች በዕጣ ሳይሆን ረቂቁ ተመዝኖ፣ ደጋፊ ማሰባሰቡ ታይቶ ይሰጡ፤ “የግል” የሚለው ስምም ሕዝቡ በሚገባው ይተካ። ኮሚቴው ነገሩ እንዲህ ከቀጠለ ሕዝብን የሚያሳስት፣ የምክር ቤቱንም ስም የሚያጎድፍ እንደሆነ አልሸሸገም።

ደንብ የሚቀየረው ግን ምክር ቤቱ ተወያይቶ ድምፅ ሲሰጥበት ነው። ለውይይቱ ቀን የሚቆርጠው ማን ነው? አንቀጽ 14። ኮሚቴው ቀን ይቆረጥልን ብሎ ጠየቀ፣ ዘገባውን አሻሽሎ ድጋሚ አቀረበ፣ ጭራሹን ባንወያይበት እንኳ ድምፅ እንስጥበት አለ። መንግሥት ጆሮ ዳባ ልበስ አለ፤ ዋና ዋናዎቹ ሐሳቦች አልጸደቁም። ይህን ያደረገው አንድ ፓርቲ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ተቃዋሚ ሳለ አሠራሩን ሲያማርር የነበረ ፓርቲ ሥልጣን ሲይዝ ሰዓቱን ለማካፈል የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም።

ይህ የማይበገር ግድግዳ አለመሆኑ የታየው በ2019 በብሬግዚት (ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት የመውጣቷ ጉዳይ) ትርምስ ነው። ያኔ መንግሥት አብላጫ ድምፅ አልነበረውም። ኤፕሪል 3 ቀን ምክር ቤቱ አንቀጽ 14ን ለአንድ ቀን ወደ ጎን አድርጎ ፕሮግራሙን ራሱ ያዘ፤ ኢቬት ኩፐርና ኦሊቨር ሌትዊን ያቀረቡትና መውጫውን ቀን የሚያራዝመው ረቂቅ የታችኛውን ምክር ቤት ደረጃዎች ሁሉ በዚያው ምሽት ጨረሰ። የመጨረሻው ድምፅ 313 ለ312 ነበር። በአንድ ድምፅ ልዩነት፣ በአንድ ምሽት። ከ411 ለ151ቱ ረቂቅ ጋር ያለው ልዩነት የደጋፊ ብዛት እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ለንደን፣ ሊድስ ወይም በርሚንግሃም ያለ አንባቢ አንድ ረቂቅ ቢያስጨንቀውና ለተወካዩ ኢሜይል ቢጽፍ “ይደግፉታል?” የሚለው ጥያቄ ብዙ አይጠቅመውም፤ መልሱ ሁልጊዜ የሚያምር ነው። ይልቅ በዕጣው ስንተኛ እንደወጣ ያጣራ፤ ከሰባት በላይ ከሆነ ዕድሉ የመነመነ ነው። ገንዘብ የሚያስወጣ ከሆነ መንግሥት የገንዘቡን ውሳኔ ሊያቀርብ ቃል ገብቷል ወይ ብሎ ይጠይቅ። ሁለተኛ ንባቡ ዓርብ ከሆነ ደግሞ ተወካዩ ያን ዕለት ወደ ምርጫ ክልሉ ይሄዳል ወይስ ከመቶዎቹ አንዱ ሆኖ 8:30 ላይ አዳራሹ ውስጥ ይገኛል የሚለውን በጽሑፍ ያስመልስ።